ሱሪ የለበሰው አስተር

ልብስ ሰፊው አርባ አንድ ዓመት የሠራበትን ሱቅ በዘጋ ዕለት ወደ ቤቱ ይዞ የተመለሰው አራት ነገር ነበር፦ የስፌት መኪናውን፣ የደንበኞቹ ልክ የሰፈረበትን መዝገብ፣ ጥቁር እጀታ ያለውን ትልቁን መቀስ፣ እና በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ጭቃ የለበሰ አንድ የሥር ጉማጅ። ለመኪናው ሚስቱ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ቦታ አስለቅቃ ነበር። መዝገቡን ከመደርደሪያ ላይ አኖረችለት። መቀሱን ግን ራሱ ከግድግዳው ምስማር ላይ ሰቀለው፤ በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ያንን መቀስ ከእርሱ በቀር የነካው ሰው አልነበረም፤ መቀሱም ከጨርቅ በቀር የነካው ነገር የለም። አንድ ጊዜ ወረቀት ሊቆርጥበት እጁን የዘረጋ ደንበኛ የተጀመረለትን ኮት ሳይለካ ከሱቁ ተሰናብቷል።

ሚስቱ ያልጠበቀችው ሥሩን ነበር።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች፣ ጋዜጣው በምግብ ጠረጴዛዋ ላይ ጭቃውን ሲያራግፍ እያየች።

«አስተር ይባላል። አበባ ነው።»

«አበባው የታለ?»

«ሌላው አበባ ሁሉ ጨርሶ፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው የሚያብበው አሉኝ።»

«እንዳንተ ነዋ። አንተም ሰው በልቶ ሲነሣ ነው ማዕድ የምትቀርበው።»

ሥሩን የሰጡት አንዲት ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ሰፊው የካፖርታቸውን ገበር ሦስት ጊዜ ቀይሮላቸዋል፤ በመዝጊያው ቀን ካፖርቱን ሊወስዱ ሲመጡ ከአትክልታቸው ቆፍረው ያመጡለት ስጦታ ነው። ሲሰጡትም ሁለት ነገር ነገሩት፦ «ቁመቱ ካንተ ይበልጣል» አሉት፤ ቀጥለውም «ጉልበትህ ድረስ ሲያድግ ግን ግማሹን ቁረጥለት፤ አለዚያ ተንጋሎ ይወድቅብሃል» አሉት። ሰፊው የመጀመሪያውን በመዝገቡ ላይ ጻፈ። ሁለተኛውን በጨዋ ደንብ አዳመጠና ተወው። ምክንያት ነበረው። በሙያው ዘመን የተማሪ ቤት የደንብ ልብስ ከሺህ በላይ ሰፍቷል፤ ለሚያድግ ልጅ የሱሪውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፎ ትርፍ ይተዉለታል እንጂ ዕድገቱን ሳይጨርስ መቀስ አያቀርቡበትም። ለተክል የተለየ ሕግ ይኖራል ብሎ አላሰበም።

የሰፈሩ ሰው ይህን ሰው «ሚሊሜትር» ብሎ ይጠራው ነበር። ስሙ በሱቁ ሳለ የሚያስከብረው ነበር፤ ቤት ሲውል ግን የትዳር ጠንቅ ሆነ። ከቤቱ በስተጀርባ ያለው አትክልት የሚስቱ ግዛት ነው፤ ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ ሽንኩርቱ በእጇ የተተከለ፣ በዓይኗ የተሰለፈ ነው። ሰፊው በጡረታ በሦስተኛው ሳምንት ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ወደ አትክልቱ ወጣ፤ በካሮትና በካሮት መካከል ያለውን ርቀት ለካ፤ ከዚያም ሚስቱ ውኃ እያጠጣች ሳለ፣ የሽንኩርቱ መስመር ከወዲያ ጫፍ ሲደርስ አራት ሴንቲሜትር ወደ ግራ እንደሚሸሽ በትሕትና አሳወቃት።

ሚስቱ የውኃ ማጠጫውን አስቀመጠች።

«አንተ ሰው» አለችው፣ «ይህ ሽንኩርት ይበላል እንጂ አይለበስም።»

በዚያው እሑድ ልጃቸውን ያገባው አማቻቸው መጣ። ይህ ሰው ከፋብሪካ ተሰፍቶ የመጣ ልብስ የሚሸጥበት ትልቅ ሱቅ አለው። ነገሩ ከአማቱ ጋር አስቀድሞ የተመከረበት መሆኑ ያስታውቅ ነበር።

«አባባ፣ እዚህ ብቻዎን ከሚቆዝሙ እኔ ዘንድ ይምጡ» አለ። «ከበሩ አጠገብ ወንበር አዘጋጅቼልዎታለሁ። ሱሪ የረዘመበት ሰው ሲመጣ ቁርጥ፣ እጥፍ፣ ስፍት ነው። ሌላ ሥራ የለም።»

ሰፊው ለሦስት ዳኞች ካባ የሰፋ ሰው ነው። በማያውቀው ፋብሪካ፣ በማያውቀው እጅ የተሰፋ ሱሪ እግር ሥር ተቀምጦ ጫፉን ሲያሳጥር፣ የጥንት ደንበኞቹም በዚያ በር ሲያልፉ ታየው።

«ሥራ አለኝ» አለ። «አስተር አሳድጋለሁ።»

እንግዲህ ውሉ የታሰረው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አማቻቸውም ምስክር ሆነ። ሚስቱ ከአጥሩ ሥር ያለውን ጠባብ መደብ ለቀቀችለት። «ቅጠል በሚረግፍበት ወር፣ በመጨረሻው ቅዳሜ፣ ነጭ ሽንኩርቴን ከብርዱ በፊት መሬት አስገባለሁ» አለች። «እስከዚያ ቀን ይህ ሥርህ አንዲት አበባ ካሳየኝ፣ መደቡም ያንተ፣ አንተም የቤቱ ነህ። ካላሳየኝ ግን መደቡ የነጭ ሽንኩርቴ ነው፤ አንተም ሰኞ ጠዋት እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ።»

ሰፊው ተስማማ። የተክሉንም ስም በመዝገቡ ላይ እንደ አንድ ደንበኛ አስገባው።

አስተሩ ውለታ የሚያውቅ ደንበኛ ሆነ። ከመሬት በወጣ በሁለት ወሩ ሃያ ሦስት ቅርንጫፍ ይዞ ጉልበት ደረሰ። ሰፊው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ተንበርክኮ ቁመቱንና ወገቡን ይለካል፤ በመዝገቡም «ቁመት ሃምሳ ሁለት፤ ትከሻ እየሰፋ ነው» ብሎ ይጽፋል። ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው ጡረተኛ ፖስተኛ ደግሞ ክርኑን በአጥሩ ላይ አስደግፎ ይመለከተዋል። ፖስተኛው ያለው አንዲት ነጭ ፍየል ብቻ ነው፤ ሌላው ሀብቱ ጊዜ ነው።

«ሚሊሜትር፣ ኮቱ መቼ ይደርሳል?» ይለዋል።

«ይህ ደንበኛ እንዳንተ አይጨቃጨቅም» ይላል ሰፊው፣ ሳይዞር።

ታዲያ አንድ ቀን ሰፊው ፀጉሩን ሊቆረጥ ሄዶ ሲመለስ አስተሩ ግማሽ ሆኖ ጠበቀው። በሽንኩርቱ በኩል ያሉት አሥራ አንድ ቅርንጫፎች ከወገባቸው ተቆርጠዋል፤ በአጥሩ በኩል ያሉት አሥራ ሁለቱ እንዳሉ ቆመዋል። ሰፊው መነጽሩን አደረገ፤ ጉዳቱን አንድ በአንድ መረመረ። የተቆረጠው ሁሉ እኩል ነው፤ አንዱ ካንዱ አይበልጥም። ይህን ዓይነት ሥራ ያየ ባለሙያ ወደ አንድ መደምደሚያ ብቻ ሊደርስ ይገባው ነበር፤ ሰፊው ግን ሐዘን አእምሮውን ስለጋረደው ወደ ፍየሏ ደረሰ።

«ፍየልህን እሠር» አለ በአጥሩ ላይ።

«ፍየሌ ምን አደረገች?»

«የምታውቀውን ታውቃለህ።»

ፖስተኛው በሰፊው ትከሻ ላይ አሻግሮ ተመለከተ፤ ሚስቱ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ካሮት ትልጣለች። ካሮቱ ተልጦ አልቆ ነበር፤ እርሷ ግን አሁንም ትልጠዋለች።

«ወዳጄ» አለ ፖስተኛው፣ «ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ተሸክሜያለሁ፤ አንዱንም ከፍቼ አላነበብኩም። ያየሁትን አልናገርም። ግን ፍየሌ አጥር አትዘልም።»

ሰፊው ይህን ጥፋትን እንደ ማመን ቆጠረው። በመዝገቡም «በጎረቤት እንስሳ ጥቃት ደርሶበታል» ብሎ ጻፈና፣ የተቆረጠውን ወገን ከዚያ ቀን ጀምሮ መለካት ተወ። የቆሰለ ወገን አያብብም፤ ያለው ተስፋ አሥራ ሁለቱ ናቸው።

አሥራ ሁለቱም አላሳፈሩትም። በበጋው አጋማሽ ደረቱን፣ በማለቂያው አናቱን አለፉ። አንድ ቅዳሜ መዝገቡ ላይ «ሁለት ሜትር ከሦስት» ተብሎ ሰፈረ። ነገር ግን ቁመታሙ ደንበኛ ሁለት ነውር አወጣ። አንደኛው፣ ጫፉ ስለከበደው በትንሽ ነፋስ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ሁለተኛው፣ የታችኛው ቅጠል ዱቄት የነሰነሱበት መስሎ ነጣ፤ ከዚያም ደርቆ ረገፈ፤ ተክሉ እስከ ወገቡ ድረስ ባዶ እግሩን ቀረ።

«ጋሽዬ ሱሪውን ረስቶ ወጥቷል እኮ» አለ ፖስተኛው።

ይህን ባይል ኖሮ ምናልባት የሚከተለው አይከተልም ነበር። ሰፊው ግን ቃሉ ከጆሮው አልወጣ አለው። ደንበኛው ራቁቱን ቆሟል፤ ደግሞም ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ ለሁለቱም መላው አንድ ልብስ ነው። ከሱቁ የተረፈ ግራጫ ሱፍ ነበረው፤ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ በጠመኔ አሰመረ፤ መቀሱን ከምስማሩ አወረደ።

መቀሱ አልቆርጥ አለ። ጨርቁን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። ሰፊው አቆመ፤ ጣቶቹን አፍታታ፤ እንደገና ሞከረ። መስመሩ ወደ ግራ ሸሸ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በውኃ ላይ እንደሚሄድ ጀልባ በጨርቅ ላይ ይንሸራተት የነበረው እጅ፣ በአንድ በጋ ዕረፍት እንዲህ ሆነ። ምርጡ መቀስ ያው ነው፤ ምስማሩ ያው ነው፤ ማንም አልነካውም። እንግዲያውስ ያረጀው እጁ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም። ሚስቱ ሻይ ይዛ ስትገባ የታኘከውን ጠርዝ በመዳፉ ከለለው።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«ምንም። ሱፉ መጥፎ ነው።»

ሚስቱ መቀሱን አየች፤ ሱፉንም አየች፤ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፍታ ሻዩን አስቀምጣ ወጣች።

ሱሪው በአራት ቀን ተሰፋ። ሁለት እግር ነበረው፤ ስድስት ስድስት ቅርንጫፍ በየእግሩ ገባ። ወገቡ በአራት ቁልፍ ይቆለፋል፤ በሁለት ማንገቻም ከግራና ከቀኝ ከተተከሉ ሁለት እንጨቶች ላይ ተንጠለጠለ። ኪስ አልነበረውም፤ ሰፊው በዚህ በኩል ልከኛ ሰው ነው። ከሩቅ ሲያዩት ራሱ ቅጠል የሆነ አንድ ረጅም መኰንን በአጥሩ ሥር ቆሞ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል። ፖስተኛው በማግሥቱ ጠዋት ኮፍያውን አንሥቶ እጅ ነሣው።

«እንግዳህ አይቀመጥም?» ብሎ ሰፊውን ጠየቀው።

ሚስቱ አልሳቀችም። ይህም ሰፊውን ከፖስተኛው ቀልድ ይልቅ አሳሰበው።

ጊዜው ሄደ። ቅጠል መርገፍ ጀመረ። በአሥራ ሁለቱ ጫፍ ላይ የቁንዶ በርበሬ ፍሬ የሚያካክሉ እንቡጦች ተቋጠሩ፤ በየቀኑ ይቆጥራቸዋል፤ አንዱም አይከፈትም። ከወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ደግሞ የነጭ ሽንኩርቱ ቅርጫት፣ ፍሬ ፍሬው ተለያይቶ፣ ተመርጦ ተቀምጧል። ሰፊው ውኃ ሊጠጣ በገባ ቁጥር ቅርጫቱን ያያል፤ አማቹ ያዘጋጀውንም ወንበር ያስታውሳል። ከዚህ ቀደም ያ ወንበር ውርደት ነበር። አሁን ግን፣ «ጨርቅ ለሚያኝክ እጅ ከሱሪ ጫፍ ሌላ ምን ይገባዋል?» የሚል ሐሳብ በልቡ ይመላለስ ጀመር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ነፋስ ተነሣ።

ሱሪ ለሚራመድ ሰው የተሰፋ ነገር ነው፤ ቆሞ ለሚውል ተክል ሸራ ነው። ነፋሱ በግራ እግሩ ገባ፤ በቀኙም ገባ፤ ግራጫው ሱፍ ተነፍቶ እንደ በግ ሆድ ተወጠረ። ሰፊው ከመስኮቱ ሆኖ ማንገቻዎቹ ሲለጠጡ፣ እንጨቶቹም ከመሬት ሲነቀሉ ተመለከተ። ሮጦ ሲደርስ ደንበኛው ከነሙሉ ልብሱ ከግርጌው ተሰብሮ በአጥሩ ላይ ወደ ማዶ ተደፍቶ ነበር። ከማዶም ፍየሏ ትጠብቀው ነበር። ፍየሏ ከአራት ወር በፊት የተከሰሰችበትን ወንጀል ያን ዕለት ፈጸመች፤ እንቡጦቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለቀመች፤ ከዚያም አንድ ቁልፍ አስከተለች።

«አሁን ብትከሳት አልፈርድብህም» አለ ፖስተኛው። ግን አልሳቀም፤ ሱሪውን አራግፎ አጣጠፈና በአጥሩ ላይ አሻግሮ ሰጠው።

ዓርብ ዕለት ሰፊው ከቤት አልወጣም። ካልሲዎቹን፣ መነጽሩንና ሜትሩን ለሰኞ በአንድ ትንሽ ሻንጣ ከተተ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ቅርጫቷን ይዛ ወጣች። ሰፊው የውል ሰው ነውና ሊያስረክብ ተከተላት። ሚስቱ ከመደቡ ዳር ደርሳ ቆማለች፤ ቅርጫቱን በሆዷ ላይ አቅፋ አትንቀሳቀስም።

በሽንኩርቱ በኩል፣ ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ ማንም ያላየው፣ ማንም ያልለካው ወገን፣ ከወገብ በማይበልጥ ቁመት ደልደል ብሎ ቆሟል። እያንዳንዱ የተቆረጠ ግንድ አምስት ስድስት ቅርንጫፍ አውጥቷል፤ በየቅርንጫፉም ሐምራዊ አበባ፣ መካከሉ ቢጫ፣ ዓርብ ማንም ባልወጣበት ቀን ከዳር እስከ ዳር ተከፍቷል። ቅጠል እስኪጠፋ ድረስ አበባ ነው። ሦስት ንቦች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ሥራ ይዘዋል።



«እንግዲህ አበበ» አለች ሚስቱ።

ሰፊው ተነፈሰ። ውሉን አሸንፏል፤ ቃሉ ግልጽ ነው፤ «አንዲት አበባ» ነው የተባለው። ነገር ግን አልዋጥ አለው።

«የኔ አይደለም» አለ። «እኔ ያሳደግሁት ወድቋል። ይህን የሠራችው ፍየሏ ናት። ሌላ የሰፋውን ኮት የኔ ነው ብዬ አላውቅም፤ አሁንም አልጀምርም። ሰኞ እሄዳለሁ።»

ሚስቱ ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። ፊቷ ቀይ ሥር መሰለ።

«ፍየሏ አይደለችም።»

«ታዲያ ማነው?»

«እኔ ነኝ። ፀጉርህን ልትቆረጥ የሄድክ ለታ። እንዳያብብ ብዬ ነው የቆረጥኩት፤ አማችህ ሱቅ እንድትውልልኝ። ካሮቴን ለካህብኝ፤ ሽንኩርቴን አረምክብኝ፤ ነፍሴ ወጣች። ሁሉንም ልጨርሰው ነበር፤ የበሩን ድምፅ ሰምቼ ግማሹን ተውኩት።»

ሰፊው አበባውን ተመለከተ፤ ሚስቱን ተመለከተ። የሒሳብ አስተማሪዋ ሁለተኛ ምክር፣ «ግማሹን ቁረጥለት» ያሉት፣ ከስምንት ወር በኋላ ጆሮው ውስጥ ደረሰ። ከዚያ ግን ሌላ ነገር መጣበት። በግንዶቹ ላይ የቀሩትን እኩል፣ ጥርት ያሉ ቁርጦች ተመለከተና ድምፁ ቀጠነ።

«በምንድን ነው የቆረጥሽው?»

ሚስቱ ጎንበስ ብላ ቅርጫቱን አስተካከለች።

«በቢላ ነው?»

«በመቀስህ ነው» አለች።

በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ሚስቱ ትከሻዋን ሰብስባ የሚመጣውን ጠበቀች። ሰፊው ግን አልጮኸም። ዞሮ ወደ ቤት ገባ፤ በመስኮት በኩል መቀሱን ከምስማር ሲያወርድ፣ ወደ ብርሃን ሲያነሣው ታየ። በመጋጠሚያው ላይ፣ ጣት በማይደርስበት ሥፍራ፣ አረንጓዴ ሙጫ ደርቆበት ነበር። ከዚያ የሞረድ ድምፅ ተሰማ፤ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ አንድ ረጅም፣ ያልተቋረጠ የጨርቅ ድምፅ ተሰማ፤ ከወዲያ እስከ ወዲህ፣ እንደ ጥንቱ።

ሰፊው የሱፍ ቁራጭ ይዞ ወጣ። ጠርዙ ክር የተዘረጋበት ይመስላል።

«እጄ ደህና ነው» አለ።

«እጅህ ምን ሆኖ ነበር?»

«ምንም አልሆነም። ነገሩ እርሱ ነው፤ ምንም አልሆነም» አለና፣ ከመደቡ ዳር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ውኃ ማቅረሩን ለመሸፈን አበባውን ማሽተት ጀመረ፤ አስተር ግን ብዙም ሽታ የለውም።

ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ቆየች። «ሱሪውን ስትሰፋ አይቼህ ልነግርህ ነበር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከዚያ ግን ለአበባ ሱሪ ለሚሰፋ ሰው ነገር ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ።»

ያን ዕለት ነጭ ሽንኩርቱ አሥራ ሁለቱ ቆመውበት በነበረው ሥፍራ ተተከለ። ሰፊው ጉድጓዶቹን ሲቆፍርላት ሜትሩን አንገቱ ላይ አላደረገም፤ ሁለት ጊዜ ብቻ በስንዝሩ ሲለካ ተይዟል። ከሰዓት በኋላ በአጥሩ በኩል ሄዶ ፖስተኛውንም ፍየሏንም ይቅርታ ጠየቀ። ፖስተኛው ወዲያው ተቀበለ፤ ፍየሏ በበኩሏ የኮቱን እጅጌ ነክሳ ይዛ አልለቅ አለች።

ሰኞ ጠዋት አማቻቸው ሊወስደው መኪናውን አቁሞ ገባ።

«አባባስ?»

«አባባህ ሥራ አለው» አለች አማቱ። «ሱሪ የረዘመበት ካለ እዚህ ድረስ ይምጣ። ደግሞ ያ የለበስከው ኮት፣ ግራ እጅጌው ከቀኙ አንድ ሴንቲሜትር ያጥራል።»

ቀና ብላ አየችው፤ ማን እንደተናገረ ለራሷም የገረማት መሰለች።

በማግሥቱ ሰፊው ከገበያ አጭር፣ ቀይ እጀታ ያለው የአትክልት መቀስ ገዝቶ መጣ፤ በአትክልቱ በር ላይ በምስማር ሰቀለው፤ ትልቁን መቀስ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የት እንደሚያስቀምጥ ለማንም አልተናገረም።

በሚቀጥለው ዓመት አስተሩ ጉልበት የደረሰ ዕለት ባልና ሚስቱ አብረው ወጡ። ሰፊው ተንበርክኮ ለካ፤ ቁመቱን ለሁለት አካፈለ፤ በእያንዳንዱ ግንድ ላይ፣ ልክ በእኩሌታው፣ በነጭ ጠመኔ አንዳንድ ጭረት አደረገ። ከዚያ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

«በመስመሩ ላይ ነው» አለ። «ከመስመሩ እንዳትወጪ።»

ሚስቱ ቀዩን መቀስ ከፈተች።

«አትይ» አለችው።

«አላይም።»

ከአጥሩ ማዶ ፖስተኛው ለወዳጁ ሐዘን ሲል ኮፍያውን አወለቀ።